በሞቴ ቢሉሽም

ተይ አትነሺ፤ እዚያው ጋደም እንዳልሽ ስሚኝ። የመጣ ሰው «እንግዳዋ የታለች?» ቢል መልሱን እኔ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ድንጋጤውን ተዪው። ለእረፍት በገባሽ ሳምንት ሆድሽ መበላሸቱ አዲስ ነገር አይደለም። ከበለጸጉት አገሮች ወደ እኛ ዓይነቱ አገር ለሁለት ሳምንት ከሚመጡ አሥር ሰዎች፣ እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ፣ ከሦስት እስከ ሰባቱን ተቅማጥ እንደሚይዛቸው የጉዞ ሕክምና ባለሙያዎች ይናገራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ በእጅ፣ በውሃ፣ በዝንብ ተመልሶ ወደ ሰው አፍ ይገባል። «እዚሁ ኮልፌ አይደል እንዴ ያደግኩት?» ትይኛለሽ። አዎ፣ የአጠና ተራን ጭቃ ስታቦኪ ነው ያደግሽው። ግን ሆድ ውለታ አይቆጥርም፤ በልጅነት ያገኘሽው መከላከያ ካልታደሰ ይዳከማል። ፓስፖርትሽን ከመቀየርሽ በፊት ሆድሽ ዜግነቱን ቀይሯል። ደግነቱ እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል። ነገሩን የሚያከብደው በዙሪያሽ ያለው ችኮላ ነው፤ የእኛ የዘመዶችሽ ችኮላ፣ የራስሽም። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ያዢልኝ፦ ቀስ ብሎ መጠጣትና በጊዜ «በቃኝ» ማለት።

በተቅማጥ የሚሞት ሰው የሚሞተው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ተሟጦ ነው። ኮመዲኖው ላይ ያስቀመጥኩልሽ ፓኬት ለምለም ነው፤ ኦአርኤስ የሚሉት። አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ ሙዪና ሙሉውን ፓኬት ጨምሪበት። በግማሽ ሊትር ከበጠበጥሽው ይወፍርና ተቅማጡን ያባብሰዋል፤ በሁለት ሊትር ካደረግሽው ይቀጥንና የጎደለሽን አይተካም። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ድፊው። ሌሊት ሆኖ መድኃኒት ቤት ሁሉ ቢዘጋ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ። ማንኪያው ልክ እስከ አፉ ይሁን እንጂ አይቆለል። ስትቀምሽው ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለሽ አበላሽተሽዋልና እንደገና አዘጋጂ፤ ጨው ማብዛት በተለይ ለሕፃን አደገኛ ነው።

ስኳሩ ለማጣፈጫ የገባ እንዳይመስልሽ። አንጀት ጨውን በደንብ የሚቀበለው ከስኳር ጋር ሲመጣለት ነው፤ ጨው ከገባ ውሃ ተከትሎት ይገባል። መጠኑ ግን ልክ መሆን አለበት። ስለዚህ ነው ለስላሳ መጠጥ ጋዙን አስወጥቶ መጠጣት የማይረዳሽ፤ ስኳሩ እጅግ ብዙ፣ ጨው ግን የለውም ማለት ይቻላል። አምቦ ውሃ ካማረሽ ጥቂት ተጎንጪ፤ የለምለምን ቦታ ግን አይይዝም።

ክሊኒክ ሄደሽም «ግሉኮስ ይሰካልኝ» ብለሽ አትለምኚ። በ1971 እ.ኤ.አ.፣ በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ጊዜ፣ ድንበር ተሻግረው ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን የሰፈሩትን ስደተኞች ኮሌራ ይፈጃቸው ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ጨውና ስኳር በበርሜል አስበጥብጦ፣ ቤተሰቡ ራሱ በሽተኛውን እንዲያጠጣ አደረገ። ከመቶው ሠላሳ የሚሆነውን ይገድል የነበረው በሽታ በእሱ ካምፕ ከመቶው አራት እንኳን መግደል አቃተው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1978 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ግኝት ሲጽፍ፣ ምናልባት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እርምጃ ሳይሆን አይቀርም አለ። መርፌው የሚያስፈልገው መጠጣት ላቃተው ሰው ነው፤ አንቺ እስካሁን ከእኔ ጋር እየተከራከርሽ ነው።

ትንሹ ልጅሽ ነገ ሊከተልሽ ይችላልና የእሱንም አሁኑኑ ልንገርሽ። ሁለት ዓመት ካልሞላው፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ስጪው፤ አንድ የቡና ሲኒ ግድም ማለት ነው። ሁለት ዓመት ካለፈው ከ100 እስከ 200 ይሁን። በጡጦ አታፍስሺበት፤ በማንኪያ፣ በየደቂቃው ጥቂት ጥቂት። ቢያስታውከው አሥር ደቂቃ ቆይተሽ ከበፊቱ ይበልጥ በዝግታ ቀጥዪ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱን አትከልክዪው፤ የሚበላ ከሆነም አታስርቢው። ለምለሙን ስትገዢ ዚንክም ጠይቂ፦ ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን አታቋርጪው፤ በሚቀጥሉት ወራት ሕመሙ ቶሎ እንዳይመለስ የሚረዳው መጨረሱ ነው።

አሁን ወደ ዘመዶችሽ እንምጣ። በር በተንኳኳ ቁጥር አንድ መድኃኒት ይዞ የሚገባ ሰው አለ። አንዷ ፌጦ በሎሚ፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ፣ ሌላዋ ደግሞ «ዓይን ነው፤ ስትገቢ ማን አየሽ?» ብላ ምርመራ ትጀምርሻለች። አትሳቂባቸው፤ በፍቅር ነው የመጡት። ጤና አዳም ጣል የተደረገበት ስስ ሻይ ከሆነ ጠጪላቸው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ግን የተላጠ አንጀት ላይ ያቃጥላሉ፤ ተቀበዪ፣ አመስግኚ፣ «ምግብ ስጀምር እወስደዋለሁ» በይና ለእኔ አቀብዪኝ። እማዬ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ላብላሽ ካለችሽም ቆጣ አትበይ፤ «ለነገ» በያት። ለጊዜው የሚስማማሽ የገብስ አጥሚት፣ ነጭ ሩዝ፣ ድንች ቅቅል፣ ሙዝ፣ በርበሬ ያልነካው አልጫ ነው። ወተትና ቅባት የበዛበት ነገር ጥቂት ቀን ይቆይ። ደግሞም አንዳንዱ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ከከፍታው ሊሆን ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነሽ፤ ከዝቅተኛ አገር ለመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሕመሙ ቀላል ሲሆን ነው። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ግን ሰዓት ሳታዪ ቀስቅሺኝ፦ ሰገራው ላይ ደም፤ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፤ ውሃ እንኳን አልቀመጥ ማለት፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ሽንት መጥፋት፤ ስትቆሚ ዓይንሽ መጨለም። በልጅ ላይ ደግሞ የዓይን መጎድጎድ፣ ያለ እንባ ማልቀስ፣ መልፈስፈስና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። የሩዝ ውሃ የመሰለ ነገር በላይ በላዩ ከወረደሽ ግማሽ ቀን እንኳን አይጠበቅም፤ ኮሌራ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት «አተት» እየተባለ አዲስ አበባን ያስጨነቀውን ታስታውሺ ይሆናል፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ጤነኛ ጎልማሳን በሰዓታት ውስጥ ሊጥል ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል። እዚሁ ሠፈር ጤና ጣቢያ አለ፤ ከበረታ ዘነበወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል እንሄዳለን። አለርትን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ብቻ አድርገሽ የምታስታውሺው ከሆነ፣ ዛሬ ሁሉን የሚያክም አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው፤ ስልክሽ ላይ አሁኑኑ መዝግቢው። እማዬን የመሰለ ትልቅ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ስኳር ያለበት ወይም የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ከያዘው ደግሞ አትጠብቁ፤ ቶሎ ይታይ።

የክኒኑን ነገር ተጠንቀቂ። ሎፐራሚድ አንጀትን ያዘገያል እንጂ ተሕዋሲውን አይገድልም። ትኩሳትና ደም ከሌለ፣ መንገድ የሚወጣ ትልቅ ሰው ለአንድ ቀን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለልጅ ግን እንዳትሰጪ። «አሜባ ነው» ተብሎ ያለ ምርመራ የሚዋጠው ሜትሮኒዳዞልም ሆነ ቲኒዳዞል፣ ኢ ኮላይ ለያዘው ሰው ምንም አይፈይድለትም። ታዝዞልሽ ከወሰድሽው ደግሞ ጠጅም ቢራም የለም፤ ከአልኮል ጋር ያስታውካል። ጎረቤት ከመሳቢያ ያወጣችልሽን ግማሽ እሽግ አንቲባዮቲክ አመስግነሽ መልሺላት።

ክሊኒክ ከሄድሽም አንድ ነገር እወቂ። እዚህ ከተማ ሆዱን ታሞ የሄደ ሰው ከደም ምርመራ በኋላ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መርፌ ታዞለት መውጣቱ የተለመደ ነው። ምርመራው ዋይዳልና ዊል ፌሊክስ ይባላል። ዋይዳል በ1896 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈ ነው፤ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትሽ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ከዓመታት በፊት የነካሽ ነገር፣ አንዳንዴም ሌላ ሕመም፣ «አለብሽ» ሊያሰኘው ይችላል። እውነተኛው ታይፎይድ ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት አለው፤ ሆድ የሚያደርቅበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ትኩሳት ሳይኖርሽ በአንድ ወረቀት ብቻ መርፌ ከታዘዘልሽ፣ በትሕትና «የሰገራ ምርመራ ይሠራልኝ፤ ታይፎይድ ከጠረጠራችሁ የደም ካልቸር ይታዘዝልኝ» በይ። የሰገራውንም ናሙና እዚያው ስጪ፤ ከቤት ይዘሽው በታክሲ ከጦር ኃይሎች የትራፊክ ጭንቅንቅ ጋር ስትታገዪ ከዋልሽ፣ የሚንቀሳቀሰው አሜባ ሞቶ ላቦራቶሪው ሳያየው ይቀራል።

ደግሞ እባክሽ ማንንም አትጠርጥሪ። «የአክስቴ ዶሮ ነው የጣለኝ» ስትይ ሰምቼሻለሁ። በሰዓታት ውስጥ የሚያስታውክ ምግብ አለ፤ ቆይቶ ባክቴሪያው መርዝ ያፈራበት። ብዙው ተሕዋሲ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ጃርዲያ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ተደብቆ ይቆያል። ጥፋተኛው ሁልጊዜ የመጨረሻው ገበታ አይደለም። የአክስትሽ ዶሮ ግማሽ ቀን እሳት ላይ ሲንተከተክ የዋለ ወጥ ነው፤ መንገድ ላይ የጠጣሽው ስፕሪስ ግን እሳት አላየም። እሷ በዚህ ወሬ ከተቀየመች ሆድሽ ድኖም ዝምድናው ሳይድን ይቀራል።

ስትድኚ የሚቀጥለው ፈተና የዘመድ ጥየቃው ነው። በአንድ ቀን አራት ቤት፣ በአራቱም ቤት ገበታ፣ በየገበታው «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» ይመጣል። ይህን ለመወጣት ምግቡን እንጂ ቤቱን እንዳልገፋሽ ማሳየት አለብሽ። ጫማሽን አውልቀሽ ተደላድለሽ ተቀመጪ፤ ቡናውን እስከ በረካ ጠጪ፤ ቆሎውን ቆርጥሚ፤ ድፎውን ቁረሺ። ጀበና የፈላ ነው፤ ቆሎ የተቆላ፣ ዳቦም የተጋገረ ነው። የማትበዪው ከቀረበ «ሐኪም ከልክሎኛል» በይ፤ ከሐኪም ጋር የሚሟገት ዘመድ ጥቂት ነው። ካልለቀቁሽ «ቋጥሩልኝ» በይና ይዘሽ ነይ። ለባለቤቷም ክብር ነው፣ ለአንቺም ጊዜ ይሰጥሻል፤ እኔም እቤት እንደገና አፈላልሻለሁ።

ምን ልብላ ካልሽኝ፣ እየተንተከተከ የመጣ ሁሉ ወዳጅሽ ነው፤ ተጋቢኖ፣ ምስር ወጥ፣ ቅቅል። ክትፎ ካማረሽ «የበሰለ» በይ። «ለብለብ» ውስጡ ቀይ እስካለ ድረስ ከጥሬው ብዙም አይለይም፤ ኮሶ የሚተላለፈው በዚያ ነው። ሉካንዳ ቤት ቁርጥ ሲጋብዙሽ ጥብስ እዘዢ፤ አብሮ ለመጫወት ሥጋው ጥሬ መሆን የለበትም። ጥሬ ወተት፣ ማንነቱን የማታውቂው አይብ፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ጁስ ይቅርብሽ። ሰላጣን በተመለከተ ምክንያቱን ልንገርሽ፦ ከተማው ውስጥ የሚበቅለው ቅጠላ ቅጠል ብዙው የሚጠጣው ከአቃቂ ወንዝና ከገባሮቹ ነው፤ በዚህ በእኛ በምዕራቡ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂም የሠፈሩን ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚያልፈው። ቆስጣና ጎመን ስለሚቀቀሉ ብዪ፤ ሰላጣ ግን በውሃ አለቅልቀሽ ብቻ አይጸዳም። ፍራፍሬ ከፈለግሽ ራስሽ የምትልጪውን ምረጪ።

የቧንቧ ውሃው ከገፈርሳም መጣ ከለገዳዲ ታክሞ ነው የሚለቀቀው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ሲቋረጥ ቧንቧው ባዶ ይሆንና በተሰነጠቀበት ቆሻሻ ይስባል። ስለዚህ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ አስወግጂ። ከዚያ ሮቶ ውስጥ፣ ጀሪካን ውስጥ ስንት ቀን ይቀመጣል፤ በጆግ ሲቀዳም የስንቱ እጅ ይነካዋል። የምትጠጪውን አፍዪ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን የምትጠቀሚ ከሆነ ልኩን ከጠርሙሱ አንብቢ፤ ግማሽ ሰዓትም ታገሺ። ጃርዲያ ግን ክሎሪንን ስለሚቋቋም ማፍላቱ ይበልጣል። ጥርስሽን ስትቦርሺም ከዚያው ከፈላው ተጠቀሚ።

ይህን አትቀየሚኝ፦ አሁን በሽታውን የምታስተላልፊው አንቺ ነሽ። ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እስኪያልፍ ወጥ ቤት አትግቢ፣ ሰላጣ አትክተፊ፣ ለማንም ጉርሻ አትስጪ። ሽንት ቤቱን በተጠቀምሽ ቁጥር መያዣውንና መቀመጫውን በበረኪና እናብሰዋለን። የእጅ ማስታጠቢያው ሲመጣ ውሃ ማስነካት ብቻ አይበቃም፤ ሳሙና ጠይቂ፣ ጣቶችሽን መሐል ለመሐል እሺ። ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ጄል ሳሙናን አይተካም፤ አንዳንዱ ተሕዋሲ በአልኮል አይሞትም። እኛ ከአንድ ትሪ የምንበላ ሰዎች ነን፤ የአንዱ ጥፍር የሁሉ ሆድ ነው።

የመንገዱን ዕቅድ በተመለከተ፣ ገና እየወጣሽ እየገባሽ አውቶቡስ ላይ አትውጪ፤ ላሊበላ የትም አይሄድም። ጸበል ለመሄድ ካሰብሽ ከእምነትሽ ጋር ጥል የለኝም፤ ግን ሰው በብዛት በሚያድርበት ቦታ ንጹሕ ውሃና ሽንት ቤት መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ። ቋራ በርሚል ጊዮርጊስ በቅርብ ዓመታት ኮሌራ የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ወርደሽ ከተመለስሽ በኋላ ልጁን ትኩሳት ይዞት ቢያስታውከውና ቢያስቀምጠው፣ «ሆዱ ነው» ብለሽ አትተዪው፤ ወባ በልጆች ላይ እንደዚያ ሆኖ ይመጣልና በዚያው ቀን ደሙ ይታይ።

አገርሽ ከተመለስሽ በኋላ ሆድሽ ለሳምንታት ቢነፋ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ግሳት ቢያስቸግርሽ፣ ወይም ከወራት በኋላ ነጭ ጥብጣብ የመሰለ ነገር ብታዪ፣ ለሐኪምሽ መጀመሪያ የምትነግሪው ኢትዮጵያ እንደነበርሽ ነው። ካልነገርሽው ጃርዲያም ኮሶም በሐሳቡ አይመጣለትም፤ ከነገርሽው ግን ሁለቱም በቀላሉ የሚድኑ ናቸው። በሚቀጥለው ስትመጪ ከመነሻሽ ወር ቀደም ብለሽ የጉዞ ሐኪም ዘንድ ግቢ፤ ለታይፎይድና ለጉበት በሽታ ኤ ክትባት አለ። ቴርሞ ሜትር፣ ሎፐራሚድና የልጆቹን ዚንክ ያዢ። ለእኔ ሽቶ መግዣ ያሰብሽውን ገንዘብ ለክትባቱ አውዪው፤ ሽቶውን ደግሞ ከቀረጥ ነጻው ሱቅ ትገዢልኛለሽ።